የከተሜው ደን ባለአደራ፦ የፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ሕይወትና ሥራ

በከተማ መካከል የሚያድግ ደን ብዙ ባለቤት አለው። በጥላው የሚያርፈው መንገደኛ፣ በሥሩ የሚጫወተው ሕፃን፣ በአጠገቡ ቤት የሠራው ባለጸጋ፣ በጀቱን የሚመድበው የከተማ አስተዳደር ሁሉም የእኔ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ባለቤቱ የበዛ ንብረት ጠባቂው የሚያንስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ችግኙ በአንድ ወቅት በርብርብ ይተከላል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይኮተኩተው፣ ማን ያሳሳው፣ ማን ከአላዋቂ እጅ ይጠብቀው የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ከዚህ ጥያቄ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል የኖረው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ነው። ኦልምስቴድ በዓለም ዘንድ የታወቀው የኒው ዮርክን ሴንትራል ፓርክ ከባልደረባው ጋር በመንደፉ ነው። ለሙያ ባልደረቦች የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን የተከለውን ለማቆየት ያደረገው ረጅም ትግል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና የፍለጋ ዘመን

ኦልምስቴድ ኤፕሪል 26 ቀን 1822 በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ኦልምስቴድ የደህና ኑሮ ባለቤት የሆነ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተችበት ያደገው በእንጀራ እናቱ እጅ ነው። አባቱ ንግግር የማያበዛ ሰው ቢሆንም የተፈጥሮን ውበት አጥብቆ ይወድ ስለ ነበር ቤተሰቡን በሠረገላ እየጫነ ተራራውንና ሸለቆውን፣ ጫካውንና የወንዙን ዳርቻ ያስጎበኝ ነበር። ልጁ ስለ መልክዐ ምድር የቀሰመው የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው።

መደበኛ ትምህርቱ የተቆራረጠ ነበር። በገጠር ቀሳውስት ቤት እየተዘዋወረ ከተማረ በኋላ ወደ ዬል ኮሌጅ ሊገባ ሲዘጋጅ በ1837 መርዛማ ቅጠል ነክቶት ዐይኑ ታመመ፤ በዚህም ምክንያት ትምህርቱን ሳይቀጥል ቀረ። ከዚያም በኒው ዮርክ በጨርቅ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሠራ። በ1843 በመርከበኛነት ተቀጥሮ እስከ ቻይና ተጓዘ፤ ከዚያ ጉዞ ታሞና ተጎሳቁሎ ተመለሰ። ቀጥሎም አባቱ ባወጣለት ገንዘብ በመጀመሪያ በኮነቲከት፣ በኋላም በኒው ዮርክ አቅራቢያ በምትገኘው በስታተን ደሴት እርሻ ያዘ። እስከ 35 ዓመት ዕድሜው ድረስ ጽኑ ሙያ ያልያዘ ሰው ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ ከእርሻው አፈርን፣ የውሃ ማጠንፈፍንና የተክል አስተዳደግን ዐወቀ፤ ከንግድ ቤቱም የሒሳብና የሠራተኛ አያያዝ ልምድ ቀሰመ።

ለወደፊት ሥራው መሠረት የጣሉት ሁለት ጉዞዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ1850 ከወንድሙና ከአንድ ጓደኛው ጋር ወደ እንግሊዝ ያደረገው የእግር ጉዞ ነው። በሊቨርፑል ማዶ በበርከንሄድ ከተማ ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈውንና በ1847 የተከፈተውን መናፈሻ ተመለከተ። መናፈሻው በሕዝብ ገንዘብ የተሠራና ለሁሉም የተከፈተ ነበር። ኦልምስቴድ ከአትክልቱ አሠራር ይልቅ ያስገረመው፣ ድኻውም ሀብታሙም በእኩል መብት የሚገባበት መሆኑ ነው። በአገሩ ሕዝባዊ መንግሥት አለ እየተባለ እንዲህ ያለ የሕዝብ ንብረት አለመኖሩ አሳፈረው።

ሁለተኛው ጉዞ ከ1852 እስከ 1854 በኒው ዮርክ ጋዜጣ ዘጋቢነት በደቡብ የአሜሪካ ግዛቶች ያደረገው ነው። በዚያ የባርነት ሥርዓት ባሪያውንም ጌታውንም እንዴት እንደሚጎዳ በዐይኑ አየ። ሰው ሁሉ በየርስቱ ተከልሎ የሚኖርበት፣ የጋራ ትምህርት ቤት፣ የጋራ መንገድና የጋራ መሰብሰቢያ የማይታይበት አገር ሥልጣኔው ወደ ኋላ እንደሚቀር ተገነዘበ። የእነዚህ ዘገባዎች ጥርቅም በ1861 በመጽሐፍ መልክ ወጥቶ ብዙ ተነበበ። የሕዝብ መናፈሻ ለኦልምስቴድ ጌጥ ብቻ ያልሆነበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል፤ በዘር፣ በሀብትና በቋንቋ የተለያዩ ሰዎች ያለ ጠብ የሚገናኙበት ስፍራ አድርጎ ያየው ነበር።

የሴንትራል ፓርክ መወለድ

በ1857 ባለድርሻ የነበረበት የመጽሔት ድርጅት ከሰረ። በዚያው ዓመት መስከረም ኦልምስቴድ ለሚሠራው ትልቅ መናፈሻ የሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ስፍራው 341 ሄክታር የሚያህል፣ ድንጋዩ የገጠጠ፣ ረግረግ የበዛበትና አፈሩ የሳሳ መሬት ነበር።

ያ መሬት ግን ባዶ አልነበረም። በምዕራብ በኩል ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል፣ አብዛኞቹ ነጻ ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑ 225 ያህል ሰዎች የሚኖሩበት፣ አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤት ያለው መንደር ነበር። ጠቅላላው ስፍራ ሲከለል ወደ 1600 የሚጠጉ ነዋሪዎች በሕግ እየተነሡ ተበተኑ፤ የመጨረሻዎቹም በ1857 ወጡ። መሬቱን የመውሰዱ ውሳኔ ኦልምስቴድ ከመቀጠሩ በፊት የተደረገ ቢሆንም፣ ለሕዝብ ሁሉ የተባለው መናፈሻ የተጀመረው የሕዝቡን አንድ ክፍል በማፈናቀል መሆኑ አይካድም። የመንደሩ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ2011 በተደረገ ቁፋሮ የቤቶቹ መሠረትና የነዋሪዎቹ ዕቃ ሊገኝ ችሏል። የሕዝብ ደን የሚያቋቁም ባለሙያ ይህን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል፤ በደኑ ክልል ቀድሞ ማን ይኖር እንደ ነበር ሳይጠየቅ የተሠራ ሥራ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተርፋልና።

ለመናፈሻው ንድፍ ውድድር ሲወጣ እንግሊዝ ተወልዶ ያደገው የሕንፃ ነዳፊ ካልቨርት ቮክስ ኦልምስቴድን የሥራ ጓደኛው እንዲሆን ጋበዘው። ሁለቱ ሌሊት ሌሊት እየሠሩ ያቀረቡት ዕቅድ በኤፕሪል 1858 ከ30 በላይ ከሆኑት ተወዳዳሪዎች መካከል አንደኛ ወጣ። የዕቅዱ ብልሃት ከተማዋን የሚያቋርጡትን አራት መንገዶች ከመሬት ወለል በታች አውርዶ መቅበሩ ነበር። በዚህም የጋሪው ጫጫታ ሳይሰማና ሳይታይ፣ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሣርና በዛፍ መካከል ሊሄድ ቻለ። ራምብል በተባለው 15 ሄክታር ገደማ በሚሆን ክፍል ጠመዝማዛ መንገዶች፣ ምንጭና ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ያለበት ጫካ ተዘጋጀ፤ በሰሜን በኩልም እንደ ተራራ ጫካ የሚመስል ሰፊ ደን ታቀደ። ለከተሜው ድካም መድኃኒቱ የዱርና የሜዳ ጸጥታ መሆኑን ኦልምስቴድ አጥብቆ ያምን ነበር፤ የራሱ የበጋ ቤት ለሌለው ሠራተኛ ደግሞ መናፈሻው ብቸኛው ገጠር ነው።

ሥራው በተፋፋመበት ጊዜ ከ3000 በላይ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ተሰማርተው ነበር። ከውጭ ለም አፈር ተጓጓዘ፤ ረግረጉ ተጠነፈፈ፤ በኦስትሪያዊው አትክልተኛ በኢግናዝ ፒላት መሪነት ችግኞች ተተከሉ። ኦልምስቴድ ከሥራው ጋር አብሮ ያሰበው አንድ ነገር ግን በንድፍ ወረቀት ላይ የማይታይ ነበር፤ ይኸውም ሕዝቡን ማስተማር ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ነዋሪ የሕዝብ መናፈሻ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ባለሥልጣኖችም ሕዝቡ ዛፉን ሰብሮ ይጨርሰዋል ብለው ይሰጉ ነበር። ስለዚህ ኦልምስቴድ የመናፈሻ ጠባቂዎች ጓድ አቋቋመ። የጠባቂዎቹ ተግባር ጥፋተኛን ከመያዝ አልፎ ጎብኚው በስፍራው እንዴት እንደሚጠቀም በትሕትና ማስረዳት ነበር።

በእነዚህ ዓመታት የግል ሕይወቱ ኀዘን የበዛበት ነበር። የሚወደው ወንድሙ ጆን በ1857 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ኦልምስቴድ በ1859 የወንድሙን ሚስት ሜሪን አግብቶ ሦስቱን ልጆች እንደ ራሱ ልጆች አሳደገ። በ1860 ከሠረገላ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንካሳ ሆኖ ኖረ። ከአደጋው ጥቂት ቀናት በኋላ ጨቅላ ልጁ ሞተበት። እሱ ግን በቃሬዛ እየተሸከሙት ሥራውን ይቆጣጠር ነበር።

ከጦርነቱ እስከ ዮሰሚቴ

የእርስ በርሱ ጦርነት በ1861 ሲጀመር ኦልምስቴድ የወታደሮችን ጤንነት ለሚከታተለው የበጎ ፈቃድ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። በ1863 ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ የወርቅ ማዕድን አስተዳደረ። በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን የዮሰሚቴን ሸለቆና የማሪፖሳን ታላላቅ ዛፎች ለሕዝብ መጠቀሚያ እንዲጠበቁ ለካሊፎርኒያ ግዛት የሚሰጠውን ሕግ ፈረሙ፤ የጥበቃው ኮሚሽን ኃላፊነትም ለኦልምስቴድ ተሰጠ። በ1865 ባዘጋጀው ሪፖርት፣ ታላላቅ የተፈጥሮ ስፍራዎችን ለሕዝብ ማቆየት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ያለዚያ በጥቂት ባለጸጎች እጅ ገብተው ይቀራሉ የሚል አቋም ወሰደ። ሪፖርቱ በጊዜው ወደ ጎን ተተወ፤ የያዘው ሐሳብ ግን ከጊዜ በኋላ ለብሔራዊ ፓርኮች መሠረት ከሆኑት ሐሳቦች አንዱ ለመሆን በቃ።

በ1865 መጨረሻ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ከቮክስ ጋር የብሩክሊንን ፕሮስፔክት ፓርክ መንደፍ ጀመረ። በ213 ሄክታር ላይ ሰፊ ሜዳ፣ ሐይቅና በሸለቆ ውስጥ የሚያልፍ ደን ተደራጀ።

ምሣር በአላዋቂ እጅ

በ1870 የኒው ዮርክ አስተዳደር በሙሰኞች ቡድን እጅ ወደቀ። የመናፈሻው ሥራ ለፖለቲካ ደጋፊዎች መቀጠሪያ ሆነ፤ ኦልምስቴድና ቮክስ ከሥራው ተገለሉ። አዲሶቹ ኃላፊዎች አየር ይዘዋወር በማለት ከዛፎቹ ሥር የበቀለውን ቁጥቋጦ አስመነጠሩ፤ የዛፎቹንም የታች ቅርንጫፍ አስቆረጡ። ጫካ እንዲመስል ታስቦ የተተከለው ክፍል እንደ ተላጨ ራስ ራቁቱን ቀረ። ቡድኑ በ1871 ሲወድቅ ሁለቱ ባለሙያዎች ተመለሱ፤ ነገር ግን የዓመታት ልፋት በጥቂት ወራት እንዴት እንደሚበላሽ በዐይናቸው ዐይተዋል። ኦልምስቴድ በ1872 ከቮክስ ጋር የነበረውን ሽርክና በስምምነት አፍርሶ ብቻውን ቀጠለ፤ በ1878 መጀመሪያ ግን ከከተማው መናፈሻ መሥሪያ ቤት ተሰናበተ። ለሥራ ቅጥር የሚወተውቱትን የፖለቲካ ሰዎች ግፊት በ1882 ባሳተመው ጽሑፍ ለሕዝብ ገለጠ።

ከዚህ ውድቀት በኋላ በደረሰበት ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው የነዋሪውን መረዳት ነበር። በካናዳ ሞንትሪያል አንድ ባለ መሬት በሮያል ተራራ ላይ ያሉ ዛፎቹን ለማገዶ ማስቆረጡ ነዋሪውን አስቆጥቶ ነበር፤ ተራራው ለሕዝብ እንዲሆን ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ቁጣ ነው። ኦልምስቴድ በ1874 ለንድፉ ተጠራ። የተራራው እያንዳንዱ ክፍል እንደ አፈሩና እንደ ከፍታው የሚስማማውን ዛፍ እንዲይዝ ዐቀደ። ከተማው በገንዘብ ችግር ምክንያት ዕቅዱን አጓድሎ ሲሠራ፣ በ1881 ለሞንትሪያል ነዋሪዎች የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ፤ ተራራው ምን እንደ ሆነና ምን ሊሆን እንደሚችል ባለቤቶቹ ራሳቸው እንዲያውቁት ማለቱ ነበር።

በቦስተን የተሻለ ዕድል ገጠመው። ከ1878 ጀምሮ ረግረጉን፣ ወንዙንና ደኑን በአንድ ሰንሰለት የሚያያይዝ የመናፈሻ መሥመር ዘረጋ፤ በመጨረሻውም ጫፍ ከ200 ሄክታር በላይ ስፋት ያለውን ፍራንክሊን ፓርክን አኖረ። የዚህ ሰንሰለት አንድ ክፍል የሆነው የአርኖልድ የዛፍ ስብስብ የሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ ንብረት ነበር። ኦልምስቴድና የስብስቡ ኃላፊ ቻርልስ ሳርጀንት ባደረጉት ጥረት በ1882 አንድ ልዩ ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት መሬቱ የከተማው ሆነ፤ ከተማውም ለዩኒቨርስቲው በዓመት 1 ዶላር ለ1000 ዓመት አከራየው። ከተማው መንገዱንና ጸጥታውን፣ ዩኒቨርስቲው ዛፎቹን ይጠብቃሉ፤ ሕዝቡ በነጻ ይገባል። ለዛፍ ዕድሜ የሚመጥን ውል ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የ1889 ክርክር

በሴንትራል ፓርክ ግን ሌላ ችግር ደርሶ ነበር። ችግኞቹ ሲተከሉ አፈሩ ደካማ፣ ነፋሱም ብርቱ ስለ ነበር ሆን ተብሎ ተቀራርበው ነበር የተተከሉት። ፈጥነው የሚያድጉት ቀስ ብለው ለሚያድጉት ከለላ እንዲሆኑና ጊዜው ሲደርስ እንዲነሡ ታስቦ ነበር። የመንሣቱ ጊዜ ሲደርስ ግን የሚደፍር ጠፋ። አንድ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ጋዜጦች ይጮሃሉ፤ ነዋሪዎች አቤቱታ ያቀርባሉ፤ ኃላፊዎችም ሥራውን ያቆማሉ። በዚህ ምክንያት ዛፎቹ እርስ በርሳቸው ብርሃን እየተሻሙ ቀጭንና ረጅም፣ ከታች ቅርንጫፍ የሌላቸውና ለበሽታ የተጋለጡ ሆኑ።

ኦልምስቴድ ከጆናታን ባክስተር ሃሪሰን ጋር ሆኖ በ1889 ስለዚህ ጉዳይ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ሃሪሰን ቀደም ሲል የናያጋራ ፏፏቴ አካባቢ ከፋብሪካና ከነጋዴ ተላቆ በ1885 የሕዝብ እንዲሆን በጋዜጣ ደብዳቤዎች የሠራ ሰው ነው። ሁለቱ በመጽሐፉ የታወቁ የደንና የአትክልት ሊቃውንትን አስተያየት ሰብስበው፣ የሕዝብ ደን ያለ ምሣር ሊያድግ እንደማይችል አስረዱ። የሐሳባቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ዛፍ መቁረጥን የሚቃወመው ነዋሪ ክፉ አሳቢ አይደለም፤ የሚወደውን ነገር ለማዳን የተነሣ ነው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ዛፍ በማዘን ደኑን በጠቅላላው ይጎዳል። ስለሆነም ማሳሳቱ ዕውቀት ባለው ሰው እጅ፣ በዕቅድና በየጊዜው ሊደረግ ይገባል፤ ሕዝቡም የሥራውን ምክንያት ማወቅ አለበት።

የ1870ውና የ1889ኙ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲታዩ የኦልምስቴድ አስተሳሰብ ጎልቶ ይወጣል። በመጀመሪያው ጊዜ ምሣሩ ያለ ዕውቀት ተነሣ፤ ሕዝቡም አልጠየቀም። በሁለተኛው ጊዜ ዕውቀቱ ነበረ፤ ሕዝቡ ግን ስላልተነገረው ምሣሩን አስቆመው። በሁለቱም ደኑ ተጎዳ። ባለሙያው ከነዋሪው ጋር ካልተነጋገረ ሁለቱም ያው አንድን ደን እየወደዱ ያጠፉታል ማለት ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ኦልምስቴድ በ1888 በሰሜን ካሮላይና በጆርጅ ቫንደርቢልት ርስት በቢልትሞር ሥራ ጀመረ። ርስቱ በእርሻና በቆረጣ የተራቆተ ነበር። ባለጸጋው ሁሉንም መናፈሻ ለማድረግ ሲያስብ፣ ኦልምስቴድ አብዛኛው መሬት ደን ሆኖ በሥርዓት እንዲያዝ መከረው። በዚህም ምክር በ1892 ወጣቱ ጊፎርድ ፒንሾ የደኑ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ በ1898 ደግሞ በዚያው ስፍራ የደን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ በ1914 ከሞተ በኋላ ከርስቱ 35 ሺህ ሄክታር ያህሉ ለመንግሥት ተሸጦ ብሔራዊ ደን ሆነ።

በ1895 የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ ስለ ሄደ ሥራውን ለልጆቹ አስረክቦ ጡረታ ወጣ። በ1899 የአሜሪካ የመልክዐ ምድር ነዳፊዎች ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ያሳደገው የወንድሙ ልጅ ጆን ቻርልስ ነበር። ኦልምስቴድ ግን በዚያን ጊዜ ከ1898 ጀምሮ በማክሊን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ቀደም ሲል ስለ ግቢው አሠራር ሐሳብ የሰጠበት ሆስፒታል ነው። ኦገስት 28 ቀን 1903 በ81 ዓመቱ በዚያው ዐረፈ።

ከእሱ በኋላ

ሴንትራል ፓርክ ብዙ ጊዜ ወድቆ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። በ1970ዎቹ ከተማው በገንዘብ ችግር ሲያዝ ሣሩ ደረቀ፤ አፈሩ ተሸረሸረ፤ ደኑም ባለቤት አጣ። በ1980 ነዋሪዎች የራሳቸውን ጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ከነዋሪዎች ገንዘብ እየሰበሰበ፣ በጎ ፈቃደኞችን እያሰለፈና የራሱን አትክልተኞች እየቀጠረ መናፈሻውን ክፍል በክፍል አደሰ፤ በ1998ም ከከተማው ጋር ባደረገው ውል የዕለት ተዕለት ጥበቃውን በይፋ ተረከበ። በራምብል ጫካ ዛፍ ማሳሳት ሲጀመር ደግሞ የወፍ ወዳጆች ተቃውሞ አነሡ፤ የ1889ኙ ክርክር እንደ ገና ተወለደ። መፍትሔው ግን ከቀድሞው የተሻለ ሆነ፤ ሥራው በዝግታ፣ ከተቃዋሚዎቹ ጋር እየተመካከሩ የሚሠራ ሆነ። በብሩክሊንም ከ1987 ጀምሮ እንዲሁ ያለ ማኅበር የፕሮስፔክት ፓርክን ደን ይንከባከባል።

እነዚህን ማኅበሮች ኦልምስቴድ አላያቸውም። ነገር ግን ጠባቂዎቹን አስተማሪ ሲያደርጋቸው፣ ለሞንትሪያል ነዋሪዎች ሲጽፍ፣ ስለ ምሣር ጥቅም ሲከራከር ይፈልግ የነበረው እንዲህ ያለውን ነዋሪ ነው። የተከላቸው ዛፎች ብዙዎቹ አርጅተው ወድቀዋል፤ በምትካቸው ሌሎች ቆመዋል። በሕዝብ ደን ላይ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ከእሱ ሕይወት የሚወስደው ነገር ቢኖር፣ ከእያንዳንዱ የተከላ ዕቅድ ጎን የ20ና የ30 ዓመት የእንክብካቤ ዕቅድ ማኖርን፣ ያንንም ዕቅድ በደኑ ጥላ ሥር ለሚኖረው ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳትን ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ከባለሙያው የዕለት ተግባር ውጪ የሚቆጠርበት አገር ሁሉ የተከለውን ደጋግሞ ለመትከል ይገደዳል።